“ተዘጋጅቶ እያለ ለምን ትለፋለህ?” ለምትሉኝ ሁሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤ የመጣሁት። ጊዜ ያላችሁ አሁኑኑ አንብቡት፤ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። አንብባችሁ ሳትጨርሱ ግን እንዳትሰድቡኝ። ጨርሳችሁ ስደቡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የ11ኛ ክፍል ልጆቼ አንድ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ራሳቸው ኮምፓይል አድርገው ሲጭኑ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ላይክ ያደረጋችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በኮመንትም በውስጥ መስመርም የመጣው ተቃውሞ ግን ከላይኩ አይተናነስም። ሲጨመቅ ሦስት ነው። አንደኛው፣ “ተዘጋጅቶ ዳውንሎድ የሚደረግ ነገር እያለ ልጆቹን ለምን ታደክማለህ?” የሚል ነው። ሁለተኛው፣ “ወርድና ኤክሴል አስተምርልን፣ ሥራ የሚያስገኘው እሱ ነው” ይላል። ሦስተኛውን የጻፈው የሙያ ባልደረባ ነው፣ ስሙን አልጠራም። “በዲፕሎማ ይህን ያህል መራቀቅ ምን አመጣው?” ብሎኛል።

ሦስቱንም በተራ እመልሳለሁ። በትሕትና እጀምራለሁ፤ በትሕትና ለመጨረስ ግን ቃል አልገባም።

መጀመሪያ ከኮምፒውተር ጋር ብዙም ለማትቀራረቡ ወዳጆቼ ትንሽ ላስረዳ። ሶርስ ኮድ ማለት ሰው የጻፈው፣ ሰው ሊያነበው የሚችል የፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው። እነ ሲ በሚባሉት ቋንቋዎች የተጻፈውን ማሽኑ እንዳለ አይበላውም። ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይለውጠዋል። ሶርስ ኮዱን ጤፍ በሉት። ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ምጣድ ላይ ይወጣል፣ እንጀራ ይሆናል። ሁላችንም “ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ” እያልን የምንጭነው የተጋገረውን እንጀራ ነው።

እንጀራ ገዝቶ መብላት ነውር የለውም። እኔም እገዛለሁ። ግን የገዛኸውን እንጀራ መልሰህ ጤፍ ማድረግ አትችልም። ጀሶ ተቀላቅሎበት እንደሆነም በዓይንህ አይተህ አታውቅም። ጀሶ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰፈሩ ውስጥ ሊጥ አቡክቶ፣ ምጣድ አሰምቶ መጋገር የሚችል አንድ ሰው ከጠፋ ደግሞ፣ እንጀራ ሻጩ ያለውን ዋጋ ከፍለህ፣ የሰጠህን በልተህ ዝም ማለት ብቻ ነው።

እኔ እያንዳንዱ ተማሪ ዕድሜ ልኩን እንጀራ ይጋግር አላልኩም። አንድ ቀን ሲጋገር ይይ ነው ያልኩት። በቃ፣ ጥፋቴ ይሄ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ ልግባ። “ተዘጋጅቶ እያለ” ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ተዘጋጅቶ የምትሉት የትኛው ነው? እስቲ በሐቅ እናውራ። በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሶፍትዌር አብዛኛው ከየት መጣ? ከፍላሽ ነው። ፍላሹስ? ከጓደኛ። ጓደኛስ? ከኮምፒውተር ጥገና ቤት። ጥገና ቤቱስ? እሱን ማንም አያውቅም። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ፣ ክራክ የተደረገ ኦፊስ፣ ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ። አብሮት ደግሞ አንዲት የጽሑፍ ፋይል ትመጣለች። ፋይሏ ውስጥ የመጀመሪያው መመሪያ ምንድነው? “አንቲቫይረሱን አጥፉ።”

ቆም ብላችሁ አስቡት። ቤታችሁ እንግዳ መጥቶ፣ ገና በር ላይ ሳለ “ከመግባቴ በፊት ውሻውን እሰሩልኝ፣ መብራቱንም አጥፉልኝ” ቢላችሁ ታስገቡታላችሁ? እኛ ግን እናስገባለን። ከዚያ ሾርትከት ቫይረስ ፍላሻችንን በላው ብለን እናለቅሳለን። የሴሚስተር ሮስተር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በቫይረስ ጠፍቶ፣ የሆምሩም መምህራን ከማርክ ሊስት ላይ እንደገና ሲለቅሙ ያደሩበትን ትምህርት ቤት አውቃለሁ። ስሙ ምን ያደርግላችኋል? የእናንተም ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ “ተዘጋጅቶ ያለ” የምትሉኝ ይህን ከሆነ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ።

“የለም፣ እኛ ያልነው ከትክክለኛው ቦታ የሚወርደውን ነው” ለምትሉኝ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ “አፕት” በሚለው ትእዛዝ የሚጫነውን እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ ተማሪዎቼንም አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ግን ይሄ ነው። ያንን ፓኬጅ ማን አዘጋጀው? የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ሶርስ ኮዱን አውርዶ፣ ኮምፓይል አድርጎ፣ ጠቅልሎ አስቀመጠልን። ያ ሰው ሁልጊዜ የውጭ ሰው መሆን አለበት ያለው ማነው? የእኛ ልጅ ሁልጊዜ ተቀባይ፣ ሌላው ሁልጊዜ አዘጋጅ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ክፍል ውስጥ የሠራነውን ልንገራችሁ። የጂኤንዩ ፕሮጀክት “ሄሎ” የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለችው። ሥራዋ ሰላምታ ጽፋ መውጣት ነው። ለዚህ ብቻ? አዎ፣ ለዚህ ብቻ። የተዘጋጀችውም አንድ ፕሮግራም ከሶርስ ኮድ እንዴት እንደሚታሸግና እንደሚጫን ለማሳየት ነው። ጥቅሏ አንድ ሜጋባይት ገደማ ናት፤ ስልካችሁ ላይ ካለ አንድ ዘፈን ታንሳለች። አንዴ አውርጄ በፍላሽ ለሁሉም ማሽን አዳረስኩ። ኮምፓይለሩ ቀድሞ እስከተጫነ ድረስ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ከዚያ ሦስት ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው “ኮንፊገር” ነው። ማሽኑን እየዞረ ይጠይቃል። ኮምፓይለር አለህ? ይህ ላይብረሪ አለህ? ፋይሎችህ የት ይቀመጣሉ? መልሱን ሰብስቦ “ሜክ ፋይል” የሚባል የሥራ ዝርዝር ይጽፋል። ሁለተኛው “ሜክ” ነው። ዝርዝሩን ይዞ የሶርስ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ለኮምፓይለሩ ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ያጋጥማቸዋል። ሦስተኛው “ሜክ ኢንስቶል” ነው። የተሠራውን ወደ ቦታው ይወስዳል። ሌላ ቦታ ካላልከው አብዛኛውን ጊዜ “ዩኤስአር ሎካል” በሚባለው ፎልደር ሥር ያስቀምጠዋል። ኮንፊገር ላይ “ፕሪፊክስ” ብለህ የራስህን ፎልደር ከሰጠኸው ደግሞ እዚያው ይጭንልሃል። የአድሚን ፓስወርድ አትጠየቅም። ይህን ሲያዩ አንድ ተማሪ “ቲቸር፣ ማንንም ሳናስፈቅድ ማለት ነው?” አለኝ። አዎ ልጄ፣ በራስህ ፎልደር ማንንም ሳታስፈቅድ።

ከዚያ “ሄሎ ዶት ሲ” የምትለውን ፋይል ከፈትን። የእንግሊዝኛውን ሰላምታ አጠፋንና በምትኩ በአማርኛ “እንደምን ዋላችሁ” ብለን ጻፍን። እንደገና “ሜክ” አልን። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ፋይል የሠራው ሜክ፣ አሁን የፋይሎቹን ሰዓት አወዳድሮ የተነካውንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ብቻ ሠራ። ፕሮግራሙን ስናስነሳው “እንደምን ዋላችሁ” አለን። ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ነበር። ለምን ጮሁ? በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፍትዌር የሚለወጥ ነገር መሆኑን ስላዩ ነው። እስከዚያ ቀን ሶፍትዌር ለእነሱ እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ ነገር ነበር። ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ የለም።

ይህ ሁሉ የፈጀው ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ሁለት! “ጊዜ ታባክናለህ” የምትሉኝ፣ “የኮምፒውተር ትውልዶች ስንት ናቸው?” የሚለውን ለመሸምደድ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደምናጠፋ እስቲ ቁጠሩልኝ።

“ስህተት ሲመጣ ልጆቹ ይደናገጣሉ፣ እንግሊዝኛውም ይከብዳቸዋል” ያላችሁም አላችሁ። እውነት ነው፣ ስህተት ይመጣል። ትልልቅ ፕሮግራሞች ላይ በተለይ በሽ ነው። “ዚሊብ ዶት ኤች የሚባል ፋይል አላገኘሁም” ብሎ ቀጥ ይላል። ልጁ “ዚሊብ እኮ ተጭኗል!” ይላል። ተጭኗል፣ ግን የተጫነው ለተጠቃሚ የሚሆነው ክፍል ነው። ለገንቢ የሚሆነው፣ ሄደር ፋይሎቹ ያሉበት፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ለብቻው ይመጣል፤ ስሙ መጨረሻ ላይ “ዴቭ” የሚል ቅጥያ አለው። ይህችን አንዲት ነገር ያወቀ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሌላው ሕግ ደግሞ፣ ስክሪኑ በስህተት ሲሞላ መጨረሻውን አትይ፣ ወደ ላይ ወጥተህ የመጀመሪያውን ፈልግ። ብዙ ጊዜ የቀሩት የእሱ ልጆች ናቸው።

እንዲያውም ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ማሽኑ “ይሄ ጎድሎኛል” ብሎ በግልጽ ሲነግርህ፣ አንብቦ፣ ተረድቶ፣ የጎደለውን ፈልጎ ማምጣት። ይሄ የኮምፒውተር ትምህርት ብቻ ይመስላችኋል? እኛ መደናገጥን ነው ያስተማርናቸው። ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ “ተበላሸ” ብለው እጃቸውን የሚያነሱ ልጆች ያፈራነው እኛ ነን። መልእክቱን የሚያነብ ልጅ ማፍራት ኃጢአት ሆኖ ከተቆጠረብኝ ይቆጠርብኝ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠንከር ያለውን ክርክር ላንሳ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። እንዲህ አለኝ፦ “ቲቸር፣ ከሶርስ ኮድ መገንባት እኮ ከቫይረስ አያድንም። የኤክስዜድን ጉዳይ ረሱት?” ጎበዝ። አልረሳሁትም። ለማታውቁት ልንገራችሁ።

ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ ኦፕን ሶርስ መሣሪያ ነው፣ በርካታ የሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ አለ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየረዳ፣ እምነት አትርፎ የፕሮጀክቱ ኃላፊነት ላይ ደረሰ። ከዚያ 5.6.0 እና 5.6.1 በሚባሉት ስሪቶች ውስጥ የጓሮ በር አስገባ። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር አጋለጠው። እንዴት አገኘው? በኤስኤስኤች ወደ ማሽን ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሴኮንድ! እኛ ኮምፒውተር እስኪነሳ ቡና አፍልተን የምንጠጣ ሰዎች ግማሽ ሴኮንድን ከቁም ነገር እንቆጥራለን?

የተማሪዬ ነጥብ ይሄ ነው። የጓሮ በሩን የሚያነቃው አንዱ ቁልፍ ስክሪፕት ሰው ሁሉ በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ለመውረድ በተዘጋጀው የሶርስ ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ኮምፓይል ሲደረግ ነው ሥራውን የሚሠራው። ስለዚህ ጥቅሉን አውርዶ ኮምፓይል ማድረግ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ትክክል ነው፣ እቀበላለሁ። የዩኒክስ አባት ከሚባሉት አንዱ ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ከዚህም የባሰ አሳይቷል። ኮምፓይለሩ ራሱ ከተበከለ፣ ሶርስ ኮዱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የሚወጣው ፕሮግራም የተበከለ ሊሆን ይችላል።

ግን ከዚህ የሚደረሰው መደምደሚያ ምንድነው? “ስለዚህ አንመልከት፣ ዝም ብለን እንጫን” ነው? እንዴት ሆኖ! ያ ሰው የጓሮ በሩን ያገኘው የሚመረመር ነገር ስለነበረ ነው። ጥቅሉ ነበረ፣ የኮድ ማከማቻው ነበረ፣ ሁለቱን ማወዳደር ተቻለ፣ ዓለም ሁሉ ገብቶ አየ። ክራክ የተደረገው ኦፊስህ ውስጥ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ምን ከፍተህ ታያለህ? ማንን ትጠይቃለህ? ጥገና ቤቱን?

ስለዚህ ለልጆቼ የማስተምረው “ሶርስ ኮድ ከሆነ ንጹሕ ነው” ብዬ አይደለም። ከፕሮጀክቱ ከራሱ ቦታ አውርዱ፣ “ሻ 256” በሚባለው ስሌት ፋይሉ የተባለው ፋይል መሆኑን አረጋግጡ፣ ፊርማ ካለው ፊርማውን እዩ፣ ከዚያ ገንቡ ነው የምላቸው። የተሠራበትን ፎልደርም አትሰርዙ፤ ነገ ማራገፍ ስትፈልጉ ያስፈልጋችኋል፣ ሁሉም ፕሮግራም በቀላሉ የሚነቀል አይደለም። ሲስተሙ ራሱ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም በራሳችሁ ሥራ ላዩ ላይ አትደርቡበት፣ በራሳችሁ ፎልደር ሥሩ። ይሄ ጥንቃቄ ነው፣ ፉከራ አይደለም።

“ነፃ ሶፍትዌር” ስንል ደግሞ ቋንቋችን ራሱ ያደናግረናል። በእኛ አፍ “ነፃ” ያለ ክፍያ ማለትም ነው፣ ያልታሰረ ማለትም ነው። ሰዉ የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። “ክራኩም በነፃ፣ ኦፕን ሶርሱም በነፃ፣ ምን ልዩነት አለው?” ይላል። ልዩነቱ ይሄ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ሲያውጅ የተነሳው ገንዘብ ለማስቀረት አልነበረም። ቀደም ብሎ በኤምአይቲ ላብ የነበረ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲደርሳቸው ሶፍትዌሩን አስተካክሎት ነበር። አዲስ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ሲመጣ ግን ሶርስ ኮዱ የለም። ኮዱ ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ሰው ጋ ሄዶ ሲጠይቅ፣ “ላለመስጠት ፈርሜያለሁ” ብሎ ከለከለው። ማሽኑ እዚያው ፊታቸው ቆሞ፣ ማስተካከል የሚችሉ ሰዎች እዚያው እያሉ፣ ማስተካከል ተከለከለ።

ከዚህ ነው የመጣው። እንደፈለጉ ማስኬድ፣ ከፍቶ ማጥናትና መለወጥ፣ ለጎረቤት ማካፈል፣ ያሻሻሉትንም ማካፈል። አራት ነፃነቶች ናቸው። ክራክ ከነዚህ አንዱንም አይሰጥህም። የሚሰጥህ የተሰረቀ እንጀራ ነው፤ ጤፉ አሁንም የሰው ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የተጠቀምንበት ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም እ.ኤ.አ. በ1987 ከዚያው ፕሮጀክት የወጣ ነው። አንድ ብር ሳንከፍል፣ ማንንም ሳንሰርቅ ነው የሠራነው። ለልጅ “አትስረቅ” ብለን በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ አስተምረን፣ አይሲቲ ክፍለ ጊዜ ላይ በክራክ ስንቀበለው ምን እየተማረ ይመስላችኋል?

የማሽኖቻችንንም ነገር አስቡ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ “ቲፒኤም 2” እና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። በየላቡ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። 32 ቢት የሆኑትማ ከጉዳይም አይቆጠሩ። ጉግል ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መሥራቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ማለትም እንጀራ ሻጩ “ለእናንተ ሰፈር አልጋግርም” ብሏል። እንግዲህ ምን እናድርግ? ማሽኖቹን እንጣል? በጀቱ የት አለ? አሮጌ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል ብዬ አልዋሽም፣ ትልልቆቹን ብሮውዘሮች በ2 ጊጋባይት ራም ኮምፓይል ለማድረግ መሞከር ራስን መቅጣት ነው። ግን ቀለል ያሉ የጽሑፍ፣ የሒሳብ፣ የፕሮግራሚንግ መሣሪያዎችን ሶርስ ኮዱ ካለ ለራስህ ማሽን ትሠራዋለህ። ውሳኔው ካሊፎርኒያ ካለ ቢሮ ወደ አንተ ላብ ይመጣል።

አማርኛችንንም ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የተከፈተ ደብዳቤ የዓረፍተ ነገር ሳይሆን የኮተት ክምር ነበር የሚመስለው። ዛሬም በየቢሮው እንዲህ ያሉ ሰነዶች አሉ። ሊኑክስ ላይ ግን “ኤም 17 ኤን” በሚባለው ሥርዓት ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ተማሪ ከፍቶ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ ማንበብ ይችላል፤ አልተመቸኝም ካለም መለወጥ ይችላል። ነገ ለአገውኛ፣ ለጉራግኛ የሚመች ኪቦርድ ማን ይሥራልን? ፋይል ከፍቶ አይቶ የማያውቅ ትውልድ ይሥራው?

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ “ወርድና ኤክሴል አስተምር።” አስተምራለሁ እኮ! ያላስተማርኩበት ዓመት የለም። ግን የአንድን ድርጅት በተን ቦታ መሸምደድ ሙሉ የኮምፒውተር ትምህርት ሊሆን አይችልም። በተኑ በሚቀጥለው ስሪት ቦታውን ይቀይራል፣ ልጁ እንደገና ዜሮ ይሆናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ሲጀመር ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ ተማሪዎቼንም “ተመዝገቡ” ብያለሁ። ሰርቲፊኬት ይዘው ሲመጡ ግን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ “የጻፍከውን ኮድ አሁን እዚህ ማሽን ላይ ታስነሳልኛለህ?” ብሮውዘር ውስጥ የጻፈው ኮድ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው የሰው ሰርቨር ላይ ነው። ራሱ ማሽን ላይ ኮምፓይለር እንዴት እንደሚጫን፣ ላይብረሪ ምን እንደሆነ፣ የሠራው ፋይል የት እንደገባ ካላወቀ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ኮደርነቱም አብሮ ይቋረጣል። እዚህ አገር ኢንተርኔት ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ደግሞ እኔ አልነግራችሁም።

ሦስተኛው፦ ዲፕሎማዬ። ወንድሜ፣ ዲፕሎማ እንዳለኝ አልደበቅኩም፣ ፕሮፋይሌ ላይም ተጽፏል። ዲግሪ ያለውን ሰው አከብራለሁ፣ እግዜር ሲፈቅድ እኔም እማራለሁ። ግን እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ኮንፊገር የሚለው ስክሪፕት “የትምህርት ደረጃ” ብሎ ሲጠይቅህ አይተሃል? የሚጠይቀው “ኮምፓይለር አለህ ወይ” ብሎ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ሄልሲንኪ ያለ ተማሪ ነበር፣ ዲግሪውን ገና አልጨረሰም ነበር። ይሄ ሙያ ሶርስ ኮዱን በር ላይ ያስቀመጠው ማንም ገብቶ እንዲማር ነው። የገጠር ልጅ፣ ዲፕሎማ ያለው መምህር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሁሉም የሚያነበው ኮድ ኤምአይቲ ያለው ሰው የሚያነበውን ያንኑ ኮድ ነው። በሌላ በየትኛው የትምህርት ዘርፍ ነው እንዲህ እኩል የሆንነው? ላብራቶሪያችን እኩል አይደለም፣ መጽሐፋችን እኩል አይደለም፣ በጀታችን እኩል አይደለም። ሶርስ ኮዱ ግን እኩል ነው። የተከፈተልንን በር “ለእኛ አይነቱ አይሆንም” ብለን በገዛ እጃችን ስንዘጋው ነው እኔን የሚያናድደኝ። ንዴቴ ከዚህ ነው፤ ከዲፕሎማ ቀልድህ አይደለም።

በሉ፣ ወደ ሥራ። ተቃውሞ ብቻ አንብባችሁ እንዳትሄዱ።

አይሲቲ የምታስተምሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በሴሚስተር ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ስጡልኝ። አንድ ማሽን ላይ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ጫኑ። ኢንተርኔት ባገኛችሁ ቀን “ቢልድ ኢሴንሻል” የሚባለውን ፓኬጅ አስገቡ፤ ኮምፓይለሩም ሜክም አብረው ይመጣሉ። ከዚያ ሄሎን በፍላሽ አዳርሱ። ልጆቹ ሰላምታውን በየራሳቸው ቋንቋ ይቀይሩት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በፈለጉት። ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። መንገድ ላይ የጎደለ መሣሪያ ካለ ስሙን ራሱ ይነግራችኋል፣ አትደንግጡ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ያላችሁ፣ ለክረምት ወደ ቤተሰብ ስትመጡ ፍላሻችሁን በፊልም ብቻ አትሙሉት። የሶርስ ጥቅሎችን፣ የዴቢያን ዲቪዲ ምስሎችን፣ ማኑዋሎችን ጭናችሁ ኑ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ “ምን ልላክ?” ትሉኛላችሁ ሁልጊዜ። አዲስ ላፕቶፕ ካልቻላችሁ፣ አንድ ተርሚናል ላይ የምትሠሩትን ነገር በአማርኛ እየገለጻችሁ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹልኝ። በቴሌግራም ይበቃል።

ጥቅሉ ፍላሼ ላይ አለ። ሐሙስና ዓርብ ከሰዓት ላብ ውስጥ ነኝ፣ መጥታችሁ ገልብጡ። በዲፕሎማዬ የቀለድከው ወንድሜም ና። ቡናው በእኔ ነው፣ ኮንፊገሩን አንተ ትጽፋለህ።

የተሳሳትኩት ቴክኒካዊ ነገር ካለ አርሙኝ፣ ስድብ ግን ሳታነቡ አይቻልም ብያለሁ። ለመምህራን ይደርስ ዘንድ ሼር አድርጉት።